በሕይወት ያሉ ተሸላሚዎች ዝርዝር

ጥር 6
ዛሬም የሽልማት ቅጽ። ሃያ ተሸላሚ፣ ሃያ ፋይል። አሥራ ዘጠኙ ተሟልቷል። የቀረው የሁምቦው አቶ ባዳቾ የፈቃደኝነት ፊርማ ብቻ። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን የተራቆተ ተራራ ያለ ደመወዝ ጠብቀው ደን አድርገውታል። ግለ ታሪካቸውን ባለፈው ወር በስልክ እየነገሩኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ሽልማቱን ፍየል ካልበላው ጥሩ ነው" ብለው አስቀውኛል። ነገ ሄጄ አስፈርማለሁ።
ሻይ ላይ ባልደረባዬ ፍቅሬ "ቡድን መሪ ልትሆኚ ነው አሉ፣ ሹመት ያዳብር" እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ግን ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው...

ጥር 7
ሁምቦ። ሙቀቱ አይጣል። ሾፌራችን ፈሪድ በራቸው ላይ ሲያቆም ድንኳን አየን። "እህቴ፣ ይሄ የደስታ ድንኳን አይደለም" አለኝ።
አቶ ባዳቾ ከትናንት ወዲያ ተቀብረዋል። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመሙት። ልጃቸው ወይንሸት ንፍሮ ሰጠችን። ባለቤታቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ አልቅሰዋል። ቅጹን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ጥር 8
ለአለቃዬ ለአቶ ደገፉ ነገርኳቸው። ዝርዝሩ ዛሬውኑ መላክ አለበት አሉ። የሞተ ሰው ሥርዓቱ ሌላ ነው... የወራሽነት ማስረጃ፣ አዲስ ቃለ ጉባኤ። ለዘንድሮ አይደርስም። ለከርሞ ደግሞ ማን ያስታውሳቸዋል? "ቤታቸው ድረስ ሄደሽ የለም እንዴ? አግኝቻቸዋለሁ ብለሽ ሙዪው" አሉኝ። ወዲያው ስለ ቡድን መሪነቱ ጣል አደረጉ።
ለሳቸው ብዬ ነው? ወይስ ለራሴ?
"በአካል አግኝቼ አነጋግሬአቸዋለሁ" ብዬ ፈረምኩ። አሻራ የሚለው ቦታ ላይ አውራ ጣቴን አተምኩ። የራሴን።

ጥር 13
የማጣሪያው ባለሙያ ዮሴፍ ደወለ። ሃያውንም ተሸላሚዎች በየስልካቸው እያገኘ እያረጋገጠ ነው። የሁምቦው ሽማግሌ ጨዋታ አዋቂ ናቸው አለኝ። የቱ ሽማግሌ? አልኩት። አቶ ባዳቾ ነዋ አለ። ስለ ፍየል ቀልደውለታል።
ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ቅር ብሏቸዋል ግን። ያቺ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ ሳታነጋግረኝ ሄደች ይላሉ።"
ምን ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁት አላስታውስም።

ጥር 14
ወይንሸት ጋ ደወልኩ። የአባቷ ስልክ ማን ጋ እንዳለ ጠየቅኳት። ከልብሳቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል አለች። ከቀብሩ ወዲህ ቻርጅ ያደረገው የለም። ለምን ጠየቅሽ አለችኝ። እንዲሁ...

ጥር 15
ዘመድ አንስቶት ይሆናል። ወይ ዮሴፍ ቁጥር ተሳስቷል። ይሆናል።

ጥር 22
ዝርዝሩ ለሕዝብ አስተያየት በየቀበሌው ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ያቅርብ ይላል። "በሕይወት ያሉ" በሚለው ርዕስ ሥር አሥራ አራተኛ ናቸው። ማኅተሙ ደምቆ ወጥቷል።

ጥር 26
ወይንሸት ቢሮ መጣች። ከሁምቦ ድረስ። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።
ስሙ ከተለጠፈ ወዲህ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ቀርቷል። ቀበሌም ሞቱን አልመዘግብም ብሏታል፤ በሕይወት አለ የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት አለ። እሱንስ እችለዋለሁ አለች። የባሰው እናቷ ናቸው። ወረቀቱን ካነበቡላቸው ቀን ጀምሮ ማልቀስ ትተዋል። ጥቁር ልብሳቸውን አውልቀዋል። ጓዳ ገብተው ሲያወሩ ይውላሉ። ወይንሸት አባቴን ቀብረነዋል ብትላቸው "ከመንግሥት አንቺ ታውቂያለሽ?" አሏት።
"ብቻዋን ብታወራ ግድ የለኝም" አለችኝ ወይንሸት። "ዝም ብላ ትሰማለች። መልስ ስትጠብቅ እንደሚደረገው። ከዚያ ትስቃለች። እኔ እዚያ ቤት ማደር አቃተኝ።"
ላስተካክለው እችላለሁ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉን ኖረዋል። ይኸው እናቷ የፈረምኩትን ወረሱት።

ጥር 29
የምደባው ደብዳቤ ደረሰኝ። ቡድን መሪ። ቢሮው በሙሉ ሹመት ያዳብር አለኝ።
ከምሳ በኋላ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። አጭር ነው። አቶ ባዳቾ ሞተዋል፤ ጥር 5 ተቀብረዋል። አላገኘኋቸውም። አሻራው የእኔ ነው። ለአቶ ደገፉ ሰጠኋቸው። ሁለቴ አነበቡት። "ለሞተ ሰው ሲባል ሹመት ይጣላል?" አሉ። እያዘኑልኝም ነበር፣ እየተናደዱም። ብቻ መዝገብ ቤት አስገባሁት፤ ግልባጩን በማኅተም ያዝኩ።

የካቲት 2
ምደባው ተሰርዟል። ቦታው ለፍቅሬ ሆነ። አቶ ባዳቾም ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ለእኔ ቅጣቱ ገና ነው።
ግልባጩን ይዤ ሁምቦ ሄድኩ። ፈሪድ በገዛ ፈቃዱ ወሰደኝ። እናቲቱ በነጭ ልብስ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ፈክቷል። ወይንሸት ከጎናቸው ቆመች። ደብዳቤውን በወላይትኛ አነበብኩላቸው። "ሞተዋል" የምትለው ላይ ስደርስ አስደገሙኝ። ደገምኩት።
አላለቀሱም። ወደ ጓዳው ዞር አሉና ቀስ ብለው፣ ከሚተዋወቁት ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሰው፦
"ሰማህ አይደል? ጽፈውልሃል። በቃ ሂድ" አሉ።
ከዚያ የጓሮው በር ተከፈተ። ተዘጋም። ፈሪድም ሰምቶታል፤ ክንዴን ሲይዘኝ ነው ያወቅኩት። ወይንሸት አንገቷን ደፋች።
እናቲቱ እርምጃው እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሡና እሪ አሉ። ጎረቤቱ ከየቤቱ እየሮጠ መጣ።