ቁልፉን ያስረከብኩበት ምክንያት

ውድ ጋሼ ፍሬን፣

ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ነው? «ሰክሮ ሲነዳ ተገኝቶ ከአውቶቡስ አወረዱት» ብለው ስለ እኔ ሳይነግሩዎት አልቀሩም። ዴፖው ውስጥ ወሬ ከናፍጣ ሽታ ቀድሞ እንደሚደርስ ያውቁታል። «መንዳትማ ማንም ይነዳል፤ ሾፌር ማለት ማቆም የሚያውቅ ነው» እያሉ መሪ ያስጨበጡኝ እርስዎ ነዎትና እውነቱን ከእኔ ይስሙ።

ልጅ አልመጣ ብሎን ከባለቤቴ ጋር ሐኪም ቤት ስንመላለስ ነበር። ችግሩ ከእኔ ሆነ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ከአንጎሌ ሥር ያለች አተር የምታህል ዕጢ ያለ ልኳ ሆርሞን ታመርታለች። ያውም የሚያጠቡ እናቶችን ሆርሞን። ይሳቁ ጋሼ፤ እኔ ግን ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያዘዘችልኝ ክኒን በሳምንት ሁለቴ ነው የሚዋጠው። ሲያዩት ኢምንት ነው። በማግስቱ ያቅለሸልሸኛል፣ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ይጫጫነኛል። ሐኪሟ ገና ስትጀምርልኝ «እንቅልፍ ካስቸገረህ መኪና እንዳትነዳ» ብላኛለች። ሥራዬን ስትጠይቀኝ መጋዘን ነው ብዬ ዋሸኋት። ለባለቤቴም ተስማምቶኛል አልኳት። የደሜ ውጤት እየተሻሻለ ፊቷ ሲፈካ እያየሁ ምን ልበላት?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ሰው ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ትከሻዬን የነካችኝን ሴትዮ ነው።

«ወንድሜ፣ አረንጓዴ ከበራ እኮ ቆየ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ከኋላ ጥሩምባው ይንጫጫል። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው። ቢለቅስ ኖሮ?

አንድም ሰው አልተጎዳም። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መንዳቴ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተር ላስነሳ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ወርጄ ቁልፉን ለኃላፊው ሰጠሁት። ምን ሆንክ ቢለኝ ለመንዳት ብቁ አይደለሁም ብቻ አልኩት። የቀረውን ሰዎች ሞሉበት። እኔም አላስተባበልኩም፤ ለወንድ ልጅ ከዚህ በሽታ ስካር ይቀልለዋል ብዬ።

አሁን መለዋወጫ ክፍል ነኝ። ጎማና የፍሬን ሸራ ሳወጣና ሳስገባ እውላለሁ። ለሐኪሟ እውነቱን ስነግራት በጣም ተቆጣች፤ ቀጥላ መጠኑን ቀነሰችልኝ፣ ከምግብ ጋር ውሰደው አለችኝ። ማቅለሽለሹ ጋብ ብሏል። ድካሙ ግን እንዳለ ነው፤ ልጁም ገና ነው። መቼ እንደምነዳ ስጠይቃት «እናያለን» ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ወሬው ባለቤቴ ጆሮ ገባ። አልጮኸችም። የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ፣ «የበሽተኛ ሚስት ቢሉኝ አይከፋኝም፤ ነኝና። የሰካራም ሚስት ግን አይደለሁም» አለችኝ።

ሰኞ ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ። «አራሷ» የሚል ስም እንደሚያወጡልኝ ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ያውጡ፤ ደክሞኛል። ከእርስዎ የጀመርኩት ከሁሉም አብልጬ የማፍረው እርስዎን ስለሆነ ነው። ቢቀየሙኝም እንኳ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ሾፌር ያደረጉት ልጅዎ