ከአርባው አራት

ዓርብ፣ ግንቦት 19፣ ከምሳ በኋላ
ከሆስፒታሉ ግቢ፣ የመኮንኖች መኖሪያ

ለምወድሽ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ያን ሁሉ ደረጃ እየወጣሽ እየወረድሽ መሥራቱን ዛሬም አልተውሽም አሉ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለምን በፖስታ እንዳልላክሁት አምጪውን ስታዪ ይገባሻል። መጀመሪያ እቀፊው፣ የሚበላ ስጪው፣ ይተኛ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ብቻሽን ሆነሽ።

የምሥራቹን ላስቀድምና፣ በይ "ምሥር ብዪ" በይኝ! ታናሽሽ ሻለቃ ሆናለች።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "ለሕክምና መኮንኖች የወጣ የሥራና የትምህርት ዕድል" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሐኪሙም ነርሱም እንደ ተማሪ እየተጋፋ ያነባል። የእኔ ዓይን የሄደው ወደ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የቃጠሎ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር፣ ሁለት ቦታ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያመለከትኩበት መሆኑን ታውቂያለሽ። ከሥሩ በእስክሪብቶ "ለጊዜው ተሰርዟል" ተብሎ ተጽፎበታል። ዝቅ ስል ስሜን አየሁት። በሻለቃ ማዕረግ የብቃት መርማሪ ቦርዱ ሰብሳቢ ተብያለሁ። ለዚህኛው አላመለከትኩም ነበር።

ለውትድርና የተጠራውን ሁሉ መርምሮ "ብቁ" ወይም "ነፃ" እያለ የሚፈርመው ይህ ቦርድ ነው። እስከዚያች ሰኞ ድረስ ወንበሩ የአንድ አዛውንት ኮሎኔል ነበር። ከጀርባቸው "አባ ዝግታ" እንላቸዋለን። አንድ ልብ ለማዳመጥ ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅባቸው፣ ተመርማሪው ራሱ "ጌታዬ፣ አለ ወይስ ቆመ?" ብሎ ጠየቃቸው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቢሮውን ልረከብ ስገባ ጋዋናቸው በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ጡረታ ወጥተዋል" አለኝ ጸሐፊው።

መነጽሩን ትቶ ጡረታ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ላደርስላቸው ብዬ ቤታቸው ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱት። "እሱማ ከዓርብ ጀምሮ ሥራ በዝቶበት እዚያው ነው የሚያድረው፤ አንቺ አጠገቡ አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ። "አዎ፣ እዚሁ ናቸው" ብዬ ዘጋሁት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከዛሬ አላውቅም።

የተረከብኩት አንድ ገጽ መመሪያ ነው። ድሮ ነፃ ያደርጉ ከነበሩት ሕመሞች ግማሾቹ ተሰርዘዋል። አንድ ዓይና፣ ብቁ። ስኳር ያለበት፣ ብቁ። ከታች ደግሞ፣ "በቀን ከሚመረመሩት አርባ ሰዎች ከአራት በላይ ነፃ ማድረግ አይፈቀድም። ከዚህ በፊት ነፃ የተባሉ ሁሉ እንደገና ይመረመራሉ" ይላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ማን ትዝ እንዳለኝ አንቺው ታውቂዋለሽ።

በሬዲዮ የሚወራ ነገር የለም። የሆስፒታሉ መጋዘን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ዕቃ ያራግፋል፤ አልጋ፣ ቃሬዛ፣ የደም ከረጢት። ስድስት ዓመት "የቃጠሎ ፋሻ የለም" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ኮሪደሩን በፋሻ ካርቶን ሞልተውት በጎን ነው የምናልፈው። የስፖርት አዳራሹንም ወለሉን በቀለም እያሰመሩ ከፋፍለውታል። አናጺውን ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው፣ "አልጋ የሚደረደርበት ነው። ከዚያኛው ግድግዳ በኩል ያለው ግን ለአልጋ አይደለም፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት ብለውናል" አለኝና ወደ መዶሻው ተመለሰ።

ቦርዱ እኔ፣ አንድ ወጣት ሐኪምና ጸሐፊው ነን። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ወንበር አስመጥቶ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ግራጫ ክራቫት ያስራል። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣ የነገረን የለም፣ የጠየቀም የለም። ባለ ክራቫቱ ነው የምንለው፣ በሌለበት። አይናገርም፤ ነፃ የተባለ ሰው በወጣ ቁጥር ብቻ ደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ያሰምራል።

ማክሰኞ ዕለት ሠላሳ ስምንት ሰው አይተን፣ ሦስቱን ነፃ ብለን፣ ሁለት ፋይል ቀረኝ። የላይኛውን ስገልጠው የልጅሽ ፎቶግራፍ ነው።

እኔ ቤት እየኖረ፣ በአንድ ገበታ እየበላን፣ የዳግም ምርመራ መጥሪያ እንደደረሰው አልነገረኝም። እንዳልጨነቅ ብሎ ነው አለኝ በኋላ። ገባና "ጤና ይስጥልኝ ዶክተር" አለኝ፣ አይቶኝ እንደማያውቅ። ሸሚዙን ሲያወልቅ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ቀጮ ማለታችን ያለ ነገር አይደለም። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሳረፍኩት። በሰባት ዓመቱ ያ የጉሮሮ ሕመም ልቡ ላይ ጥሎበት የሄደው ድምፅ፣ በጠባብ ቧንቧ እንደሚሄድ ውኃ የሚያፏጨው፣ አሁንም አለ። ብሷል፣ እታለም። አልደብቅሽም።

ዘመድ ሲቀርብ ሰብሳቢ ይነሣ ይላል ደንቡ። ብነሣ የሚፈርመው ወጣቱ ሐኪም ነው፤ እሱ ደግሞ ባለ ክራቫቱ ቢያስነጥስ እንኳ "ብቁ" ብሎ የሚፈርም ልጅ ነው። አልተነሣሁም። "ነፃ" ብዬ ፈረምኩ። የቀኑ አራተኛ ልጅሽ ሆነ። የዋሸሁት ነገር የለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

አርባኛው ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለቱም ክንዱ እስከ ክርኑ ጠባሳ ነው። የቃጠሎ ጠባሳ ለእኔ እንደ ፊደል ነው፣ አነበዋለሁ።

"ምድጃው ላይ ወድቀህ ነው?" አልኩት።

"አዎ ዶክተር። ሲጥለኝ ነው። በወር ሁለቴም ሦስቴም ይጥለኛል።"

"የሐኪም ወረቀት አለህ?"

"ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል እኮ!" ብሎ ሳቀ።

ጸሐፊው ማኅተሙን አንሥቶ ይጠብቀኛል። ባለ ክራቫቱ የብዕሩን ክዳን ከፍቷል። አራቱ ቦታ ሞልቷል። ጠባሳው ዓይኔ ሥር ነው፣ እያየሁት "ብቁ" ብዬ ፈረምኩ። ሸሚዙን እየቆለፈ፣ "እዚያ ሆኜ የጣለኝ እንደሆነስ?" አለኝ። እንደ ሰው መጠየቁ ነው፤ ሊከራከረኝ አይደለም።

"አጠገብህ ላሉት ቀድመህ ንገራቸው። ጠመንጃህን ይቀበሉህ" አልኩት።

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኝ ወጣ። አመሰገነኝ፣ እታለም! ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልዋጥልኝ ብሎኛል። ልጅሽ ይህን አያውቅም፤ እንዳትነግሪው አደራ።

ትናንት ባለ ክራቫቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረኝ። ቢሮዬ መጥቶ፣ በር ራሱ ዘግቶ፣ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ።

"ለምኑ?"

"ሌላ ዕድል መጥቶልዎታል። የፊት መስመር ሆስፒታል ኃላፊነት። በእርስዎ ዕድሜ ላለ የሕክምና መኮንን ከዚህ የበለጠ እድገት የለም።"

"የምን ፊት መስመር? ጦርነት አለ እንዴ?"

"ኧረ ማን ጦርነት አለ!" ብሎ ፈገግ አለና ቅጽ ዘረጋልኝ። አናቱ ላይ "በፈቃዴ" ይላል። ስሜ፣ ማዕረጌ፣ የደም ዓይነቴ ሳይቀር ተሞልቷል። የቀረው ፊርማዬ ነው።

"ላስብበት?"

"ያስቡበት እንጂ። አንድ ነገር ብቻ፣ የዚያ ልጅ አድራሻና የእርስዎ አድራሻ አንድ ቤት ሆነብኝ። የእህት ልጅ ነው የወንድም?"

"የእህት" አልኩት እንደምንም።

"ዘመድ ጥሩ ነው" አለ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። "አክስቱ በፈቃዷ ከዘመተች ፋይሉን ማን መልሶ ይከፍተዋል?"

ፈረምኩለት። እሁድ እንነሣለን።

እሱ ፋይሉን አልከፍትም ስላለ ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ነፃ የተባለበት ወረቀት ሳለ ድንበር የሚያሻግር የጉዞ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዛሬ ጠዋት ለልጅሽ አውጥቼለታለሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይነሣል። ለአንድ ወር አንቺን ሊጠይቅ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ለጓደኛው "እናቴን አይቼ መጣሁ" ሲለው ሰምቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለልቡ የሚወጋው መርፌ በየአራት ሳምንቱ ነው፤ አንድም ቀን እንዳያልፈው። እንደደረሰ የልብ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ ነገ ዛሬ አትበዪ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ሲባል ስሰማ ያናድደኝ ነበር። እኔም በሁለት ሳምንት ሹመቴ አንድ ነገር በላሁ፤ አይቆጨኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ያን ዳቦ ጋጋሪ ግን እኛ ወደምንሄድበት በኩል መድበውታል አሉ። ካገኘሁት ከአጠገቤ አላርቀውም፤ ለቁስለኛ ዳቦ ይጋግራል። ካገኘሁት።

ስለ እኔ አታስቢ። እድገት ነው እኮ፤ ስንቱ የሚመኘው! ለጠየቀሽ ሁሉ እንዲያ በዪ። እናት ሆነሽ ያሳደግሽኝ እጅሽ አይዛል፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፣ ልጅሽ አጠገብሽ ሸምግሎ ይይልሽ።

አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ። ወደፊት ከእኔ ደብዳቤ ይደርስሽ ይሆናል። "ሁሉም ሰላም ነው፣ ልጁን መልሺው" የሚል የመጣ እንደሆነ፣ ጽሕፈቱ የእኔ ቢሆን፣ ፊርማው የእኔ ቢሆን፣ እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀው ነገር ቢኖርበት እንኳ፣ እንዳትልኪው።

ታናሽሽ፣
ሚጢጢ