ማደያው ላይ ያልተዘጋው ማይክ

የእኔ ጀግና፣

የሁለታችንንም የሞተር ሄልሜቶች ቻርጅ ላይ ሰክቼ ወጥቻለሁ። አረንጓዴ ሲያበሩ ንቀላቸው። ይሄ እንኳ አያቅትህም ብዬ ነው።

ደግሞ ለጠቅላላ እውቀትህ፦ ሄልሜትህን ሳታወልቅ ስልክ ልታወራ ፈቀቅ ስትል ሄልሜቶቻችንን የሚያገናኘው ኢንተርኮም በይሉኝታ አይዘጋም። ትናንት ማደያው ላይ ነዳጅ እያስቀዳሁ ለእህትህ ያልካትን ሁሉ ሰማሁ።

"መንገዱን ሙሉ ይለፈልፋል፣ ጆሮዬን በላው" አልካት። እግዜር ይስጥልኝ።

"ሲነዳ ደግሞ ሙሽራ የሚያጅብ ይመስላል" አልክ። ይሄም ያምርብሃል፤ ባለፈው የወደቀው እኔ ነበርኩ መሰለኝ።

በእኔ በኩል ኢንተርኮሙን ማጥፋት እችል ነበር። አላጠፋሁትም።

ስለዚህ ቀጥሎ ያልካትንም ሰማሁ። "ከወደቅኩ ወዲህ ግን ጠመዝማዛው መንገድ ላይ እሱ ካላወራኝ ሞተሩን ቀጥ አድርጌ መያዝ ያቅተኛል" አልካት።

ይህን እያወቅኩ ስንመለስ አኩርፌ ጠመዝማዛውን በዝምታ አስነዳሁህ። ሞተርህ ሲንገዳገድ ከኋላ እያየሁ ነበር። "አለህ?" ስትለኝም ሰምቻለሁ።

ማታ "ማይኩ ተበላሽቶ ነው" ያልኩህ ውሸት ነው። ምንም አልሆነም።

የሞተርህ ቁልፍ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ቅዳሜ እንወጣለን። ከቤት እስከ ቤት እለፈልፍልሃለሁ፤ ከፈለግክ ለእህትህ ክሰሰኝ።