ሚስቴን ከሠርግ መሀል ለጠሩብኝ ፕሮፌሰር

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ዙሃይር በልኸይሪያ
የጨረር መድኃኒት ምርምር ክፍል ኃላፊ
ቱኒስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የእኔን ከጠየቁ፣ ከገዛ ባለቤቱ ከዶክተር ሱንዱስ ጋር ምሳ መብላት ብርቅ ከሆነበት ሰው የሚጠበቀውን ያህል ደኅና ነኝ። እርስዎ በየቀኑ አብረዋት እንደሚበሉ ስለሰማሁ፣ እንኳን ደስ አለዎት።

፩ኛ. ባለቤቴ ዶክትሬቷን ስትጨርስ «ከእንግዲህ የቤቴ ሰው ነኝ» ብላኝ ነበር። እርስዎ ግን የተደበቀ ዕጢን በምስል የሚያሳይ መድኃኒት ትቀምም ዘንድ ለድኅረ ዶክትሬት ምርምር ስለወሰዷት፣ እራት ላይ እንኳ ወሬዋ ሁሉ «ፕሮፌሰር እንዲህ አሉ» ሆነ። እንደ እርስዎ ጢም ባሳድግ፣ «አኒስ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ለዚህም አመሰግናለሁ።

፪ኛ. በእኅቴ ሠርግ ዕለት፣ ኩስኩሱ ገና እንደቀረበ ደወሉላት። የጠዋቱ መድኃኒት መበላሸቱን፣ ከጋቤስ ከተማ የመጡ ታካሚ እየጠበቁ መሆናቸውን ነገሯት። የዚህ መድኃኒት ጨረር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ስለሚጠፋ፣ ከሩቅ አስመጥቶ ማቆየት አይቻልም አሉ። ሱንዱስ የሐር ቀሚሷን ሰብስባ ስትነሳ እናቴ «ሙሽራ አስጥሎ የሚያስሮጥ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አለች። እኔም ይህንኑ ለማየት፣ ቅናት እያንገበገበኝ እስከ ቤተ ሙከራው ተከተልኳት።

ጨረሩን ከሚከልለው ወፍራም መስታወት ወዲያ ያለውን ብልቃጥ በብረት ክንድ እያንቀሳቀሰች ስትቀምም፣ እርስዎ ከኋላዋ ቆመው «ቶሎ በይ እንጂ!» ከማለት በቀር የሠሩትን አላየሁም። መድኃኒቱ ጠርቶ ሲወጣ እንደ ሕፃን ሳቀች። እውነቱን ልናገርና፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም፤ ብልቃጡን ብሰብረው ደስ ባለኝ ነበር። ኋላ ግን ሐኪሞች ሲፈልጉት የከረሙት ዕጢ ምስሉ ላይ ቦግ ብሎ ታየ። የታካሚዋ ባል «አሁን የት እንደሚቀደድ ታወቀ፤ ልጄ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው» እያሉ ሲያለቅሱ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ ምሳዋን የምቋጥርላት እኔ ነኝ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለስልክዎ ግን አጭሩን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዶክተር ሱንዱስ ባል፣
አኒስ ጓይደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለዚያ ምስል በቴሌቪዥን ሲናገሩ አየሁዎ። ሹፌርዎን ሳይቀር በስም አመስግነው፣ የሱንዱስን ስም ብቻ ዘለሉ። እሷ «ረስተው ነው» ትላለች። እኔ ግን የከረምኩ ቀናተኛ ነኝና፣ የሙያ ባልደረባዬን ከሩቅ አውቃለሁ።