በጣት የሚነበብ ሰዓት

ሐምሌ ፫ ቀን ፲፱፻፸፭፣ እሑድ

«ይማርሽ የውሸት ሰዓት ትሠራለች» ይባላል አሉ። ስህተት ነው። የውሸቱ ሰዓት ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ነጋዴው ደርበው ከአሰብ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣዋል። ፊቱ ላይ የታላቅ ፋብሪካ ስም አለበት፤ ሆዱ ሲከፈት ቆርቆሮ ነው። እኔ ስሙን እፍቃለሁ፤ በግዕዝ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ የቆመ ከሆነ አስነሣዋለሁ። ትሸጣለችም ይላሉ። አልሸጥም። ለሚያስፈልገው እሰጣለሁ። ራዲዮ ትደብቅበታለች ያለም አለ... በእጅ ሰዓት ውስጥ!

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጋሻዬ ይህንኑ ሊያጣራ መጣ። አጣርቶ ሲያበቃ የገዛ ሰዓቱን ፈትቶ፣ ወርቅ መሆኑን ነግሮኝ፣ ትንሽ ይዘገያልና እንዳይለት ለመነኝ። ወርቅ አይደለም። አልነገርሁትም። የእጁ አንጓ አረንጓዴ መሆኑን አላየ ይሆን?

ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን ማዳም ለያንዳንዱ ስህተት ጣታችንን በማስመሪያ ትመታን ነበር። ሰዓት መፍታት ያስተማረኝ ደግሞ ከግቢያችን ፊት ለፊት የነበረው አርመን ነው። ሁለቱም ሞተዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስሳሳት ጣቴን ያመኛል።

ከቅዳሴ መልስ የየኔታ ተክለ ሚካኤልን ሰዓት አይቼ መጣሁ፤ በየማታው ራሳቸው ይሞሉታል፣ እኔ በየእሑዱ ከኔው ጋር አስተያያለሁ። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነ። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። «ጨለማን በጨለማ እየለካሁ አድራለሁ» ቢሉኝ፣ በሰኔ አንዱን የደርበውን ሰዓት ወሰድሁ። መስታወቱን አነሣሁ፤ በምትኩ የሚከፈት ክዳን አበጀሁ። በአሥራ ሁለት፣ በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ላይ የስፒል ራስ ቆርጬ አጣበቅሁ። ቆጣሪዎቹ፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን የሚያሳዩት ዘንጎች፣ ለጣት ቀጭን ነበሩ፤ ከሌላ ሰዓት ወፍራሞቹን አምጥቼ ለወጥሁ። የሰዓት ቆጣሪው ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ አለ። በወረንጦ ቆንጠጥ አደረግሁት። ያዘ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳምንት ያህል ጠበቅሁት... ዝንፍ አላለም።

የኔታ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ «ሌሊቱ በእጄ ገባ» አሉ። ከሠራኋቸው ሁሉ እንደዚህ የኮራሁበት የለም።

ሐምሌ ፲፣ እሑድ

የየኔታን ሰዓት ላስተያይ ሄድሁ። ሰዓት ቆጣሪው ከደቂቃው ጋር አልተስማማም፤ ወደፊት ሸሽቷል። ጫን አድርጌ መለስሁት። ለየኔታ አልነገርሁም። ምን ብዬ? ትንሽ ነገር ነው።

ሐምሌ ፲፬፣ ሐሙስ

የኔታ ተቆጥተው አገኘኋቸው። ባንችይርጋ ታረፍዳለች ይላሉ። ይቺ ባሏ ለሚሊሺያ ሄዶ የቀረባት ናት። ጧት ጧት የኔታን ለኪዳን ጸሎት እየመራች ታደርሳለች፤ እሷና ሕፃኗ በሳቸው ድርጎ ያድራሉ። ዶሮ ሲጮህ ነው የምነሣ አለች። ከዚያ ብትቀድም በሰዓት እላፊ አብዮት ጥበቃ ይይዛታል። የኔታ ግን ጣቴ አይዋሸኝም አሉ።

ዘንድሮ ቄሶቹም ሰንፈዋል አሉኝ። እሳቸው ዘግይተው ቢደርሱም ገና ሲጀምሩ ያገኟቸዋል። እውነትዎን ነው አልሁ። ሰው ሰዓት ማክበር ትቷል።

ሐምሌ ፲፯፣ እሑድ

ዛሬም ሸሽቷል፤ ካለፈው እሑድ ይብስ። መለስሁት። መቆንጠጥ ሳይሆን መለወጥ ነበረብኝ... ግን ልክ የሚሆን ሌላ ቆጣሪ የለኝም። ደርበው ሲመጣ።

ሐምሌ ፳፣ ረቡዕ

የኔታ ወደቁ።

ሰዓታቸውን ዳስሰው፣ ኪዳኑ ሊያልፈኝ ነው ብለው ብቻቸውን ወጡ። ዝናቡ ድንጋዩን አሙልጮታል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ተንከባለሉ። ቅንድባቸው ተፈንክቷል፤ ክንዳቸው ተልጧል። እንዲያው ጌታ ጠበቃቸው እንጂ ቤተ ክርስቲያኑ የተፈለፈለበት ጥልቅ አጠገባቸው ነበር። ባንችይርጋ ስትደርስ ቤቱ ባዶ ሆነባት። እየጮኸች ስትፈልግ ከደረጃው ሥር አገኘቻቸው።

ሐምሌ ፳፪፣ ዓርብ

ሽማግሌዎች ከወይራው ሥር ተቀመጡ። አባ ወልደ ሰንበት መሩት። ባንችይርጋ ቆማ፣ በሰዓቷ እንደመጣች፣ ዶሮዋ እንደሁልጊዜው እንደጮኸ ተናገረች። የጥበቃው ቢሆነኝ «ዶሮሽ ከአሰብ ሰዓት በለጠ በያ!» አለና ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ሰዓቱ ልክ ነው ወይ? ብለው ሰጡኝ። ክዳኑን ከፈትሁ። ሸሽቷል። ብርሃን የምፈልግ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸውና በጥፍሬ መለስሁት።

«ልክ ነው» አልሁ።

ባንችይርጋ አየችኝ። የኔታ «ሐሰተኛ እጅ ይዞኝ አይሄድም» አሉ። በዚሁ አለቀ።

ሲወድቁ ተነቃንቆ ነው የሸሸው። ከመውደቃቸው በፊት ልክ ነበር። ልክ መሆን አለበት።

ሐምሌ ፳፬፣ እሑድ

የኔታን የሚመራ ጠፋ። እኔ እመራለሁ አልሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ቢሆንም ሰዓት ማክበር ምን እንደሆነ ይታይ። ሰዓታቸውን ከኔው ጋር አስተያይቼ አስተካከልሁ።

ሐምሌ ፳፭፣ ሰኞ

በልኩ ደረስሁ። «እንዲህ ነው!» አሉኝ። ባንችይርጋ ልጇን አዝላ ገነተ ማርያም ወዳለችው አክስቷ ሄደች አሉ። እዚህ የየኔታን ቃል ሰምቶ ማን ያስጠጋታል?

ሐምሌ ፳፰፣ ሐሙስ

«ዘገየሽ፣ ይማርሽ» አሉኝ የኔታ።

እኔን! ከበራቸው ስደርስ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አልዘገየሁም። ተማሪም አስተማሪም ሆኜ በሕይወቴ ዘግይቼ አላውቅም። አልዘገየሁም፣ የኔታ፣ አልሁ። ክዳኑን ከፍተው ዳሰሱ። አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷም እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አሉ።

ስንደርስ ቄሶቹ ገና እየጀመሩ ነበር... ቄሶቹ አልሰነፉም።

ሐምሌ ፳፱፣ ዓርብ

ዛሬ አየሁት። ኩራዙን ለኩሼ መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ክዳኑን ከፈቱ። አውራ ጣታቸው ከአሥራ ሁለት ይነሣል፤ የስፒሉን ራስ ያገኛል፤ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቆጣሪው ላይ ሲደርስ አይዘለውም፤ ገፋ አድርጎት ነው የሚያልፍ። ትንሽ። የፀጉር ያህል። እንደገና ከአሥራ ሁለት። እንደገና ገፋ። ሌሊቱን ሁሉ እንደ መቁጠሪያ ነው የሚዳስሱት።

እኔ የፈተንሁት ጠረጴዛ ላይ ነው። በዓይኔ! በጣት ለሚነበብ ሰዓት ጣቴን አላቀመስሁትም።

ሲወድቁ አልተነቃነቀም። ቀድሞ የሸሸው ሰዓት ነው የጣላቸው። አውቄ ነበር? ሁለት እሑድ አይቻለሁ። ከወይራው ሥር በጥፍሬ መልሻለሁ። አውቃለሁ እንጂ።

ነሐሴ ፩፣ እሑድ

ፍልሰታ ገባ። ሰዉ ሁሉ ንስሐ ገብቶ ይቆርባል። እኔ ከበር ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ የኔታ ለሰዓቱ አመሰገኑኝ፤ ደግሞም ለልጅነቴ መምህራን ጸለዩ። ለማዳም! አሜን ማለት አቃተኝ።

ማዳም «ላጲስ ስታበዢ ወረቀቱ ይቀደዳል» ትል ነበር። ስህተቱን ተይው፣ በላዩ መስመር አስምሪና ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፊ። ስንት ልጅ አስተምሬበታለሁ ይህን።

ነሐሴ ፪

ዛሬም «ዘገየሽ» አሉኝ። ዝም አልሁ።

ነሐሴ ፬፣ ረቡዕ

ነገርኋቸው። ከኪዳን መልስ ከበራቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀዳዳውን፣ ሁለቱን እሑድ፣ ጥፍሬን። መቆጣታቸውን ጠበቅሁ። ሰዓቱን ከኪሳቸው አውጥተው ለረጅም ጊዜ ያዙት፤ ሳይከፍቱት።

«ብረት አምኜ ሰው ካድሁ» አሉ።

ጥፋቱ የኔ ነው አልሁ።

«ያንቺ ነው። የኔም ነው። ልጂቱ ዓይኔ ነበረች፤ ዓይኔን ሐሰተኛ አልሁ። ግን ይህን ለኔ መናገር ምን ይጠቅማታል? እኔ አልተባረርሁ!»

ይማሩኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። «መጀመሪያ እሷ» አሉ።

ነሐሴ ፱፣ ሰኞ

የደርበውን በቅሎ ተውሼ ገነተ ማርያም ሄድሁ። ደርበው ለምን እንደምሄድ ሰምቶ በሳቅ ሞተ። የአሰብ ሰዓት ሲያሳስት ይቅርታ የሚጠይቅ ከሆነ እሱ መንደር ለመንደር ሲዞር ሊኖር ነው አለ። እኔ አልሳቅሁም። ዝናቡ አልተወኝም፤ ከበቅሎዋ ወርጄ ወንዙን በሰው ትከሻ ተሻገርሁ። አሳፋሪ ነው በዚህ ዕድሜ። የሚገባኝም ነው።

ባንችይርጋን ከአክስቷ ከአሰለች ጋር ገብስ ስታርም አገኘኋት። ልጇ ከዳር በነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከስታለች። ቀና ብላ አየችኝና አረሟን ቀጠለች።

ጭቃው ውስጥ ቆሜ ተናገርሁ። እጇ አላቆመም። ስጨርስ፣

«አውቄ ነበር፣ እትዬ» አለች።

ምኑን?

«ጀርባዎን ሲሰጡን። ትከሻዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን እንደሚያደርጉ አላወቅሁም፤ አንድ ነገር እንዳደረጉ ግን አወቅሁ።»

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?

«ማን ያምነኛል? እርስዎ ደቂቃ የማይሳሳቱ፣ እኔ በዶሮ የምነሣ።»

ይቅር በይኝ አልኋት። ያን ጊዜ ቀና አለች። «ሐሰተኛ የተባልሁ እዚያ ነው፤ እዚህ ገብሱ መሐል አይደለም። እዚያው ይናገሩት። ቆሜ በጆሮዬ ልስማ» አለች። አሰለች «አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው እኮ ናቸው» ብትላት፣ «ትልቅ ሰው ስለሆኑማ ነው የታመኑት» አለቻት።

እስከ ዛሬ የማንንም ተማሪ መልስ ትክክል ስል ይህን ያህል አላመመኝም።

ነሐሴ ፲፮፣ ሰኞ

ፍልሰታ ተፈታ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ አባ ወልደ ሰንበት ሽማግሌዎቹን ከወይራው ሥር አስቀመጡልኝ። ባንችይርጋ ከአክስቷ ጋር መጥታ ከዳር ቆማለች።

ሰዓቱን ከየኔታ ተቀብዬ ለሽማግሌዎቹ አሳየሁ። አውራ ጣቴን አሳለፍሁበትና ቆጣሪው ሲሸሽ አዩ። ሰዓቱ ልክ አይደለም፤ ያን ዕለትም አልነበረም፤ ሸሽቶ አግኝቼው ጀርባዬን ሰጥቼ በጥፍሬ መልሻለሁ፤ ባንችይርጋ በሰዓቷ ነው የመጣች፤ ሐሰተኛዋ እኔ ነኝ አልሁ። ድምፄ እንደ ክፍል ውስጥ ጎላ ብሎ ወጣ። ሌላ ድምፅ የለኝም።

ጓድ ጋሻዬ ከኋላ ቆሞ የገዛ ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። ቢሆነኝ «እንግዲህ ዶሮዋ ረታ» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አፈረ።

የኔታ ተነሡ። ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ አሉ... ግን ፊታቸውን ያዞሩት ባንችይርጋ ወደሌለችበት ነበር። ወደ ባዶ ቦታ። ማን ይንገራቸው? ባንችይርጋ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ልጇን ለአክስቷ ሰጥታ፣ ተራምዳ፣ ካጎነበሱበት ፊት ቆመች። እጃቸውን ያዘች።

የኔን አልያዘችም። ስንለያይ ግን ቀረብ ብላ፣ የአክስቷን አረም ሳትጨርስ እንደማትመለስ፣ እስከዚያ የኔታ ጧት ጧት ሰው እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። «ደረጃው ላይ በግራ በኩል ነው የሚይዟቸው፣ እትዬ። ሦስተኛው ድንጋይ ይነቃነቃል» አለችኝ። እስከ ዛሬ በቀኝ ነበር የምይዛቸው። ማንም አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁማ።

ሰዓቱን ለየኔታ ብመልስ፣ አንቺው ውሰጂው አሉኝ። አልጥለውም። ደርበው ጠባብ ቀዳዳ ያለው ቆጣሪ ፈልጎ አምጥቶልኛል፤ ማታውን ለወጥሁት።

ነገ መጀመሪያ፦

ዶሮ ሲጮህ መነሣት። የራሴን ሰዓት ትራሴ ሥር መተው።

ኩራዝ ሳልለኩስ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አዲሱን ቆጣሪ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ መፈተን፤ ትንሽም ቢሸሽ ለየኔታ አለመስጠት፤ መሸሹንም መናገር።

የኔታን በግራ መያዝ። ሦስተኛው ድንጋይ።

«ዘገየሽ» ካሉኝ፣ ሳልከራከር፣ ምናልባት፣ የኔታ፣ ማለት።