ነፋስ ያላታለላቸው ጥዶችህ

ጌቱዬ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው በረዶ ወረደ። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ አይደለም፤ እሱን ታውቀዋለህ። የምጽፍልህ ስለተናደድኩ ነው። ንዴቴ ገሚሱ በመሥሪያ ቤትህ፣ ገሚሱ ባንተ ላይ ነው። በሞተ ሰው ላይ አይናደዱም የሚሉኝ ሰዎች ደግሞ ሰልችተውኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ዋይትሆርን ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ልጃችን ሜሮን መንጃ ፈቃድ አወጣች። እንዳንተ ስለማልጮኽባት ይሆን ምን፣ ፓርክ ማድረግ ላይ ከሁለታችንም ትበልጣለች። እኔ አሁንም ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ያለው ዳቦ ፋብሪካ ነኝ፤ የጠዋት ሺፍት ሰጥተውኛል። ጃኬቶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ከዚያ አንድ ቀን ፋልከንሪጅ ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ቡኒውን ጃኬትህን ለብሶ የቆመ ሰው አየሁ። ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። ከላዩ ላይ ልገፍፈው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሥራህ ምን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በደንብ የገባው ሰው አልነበረም። "ዛፍ ያጠናል" ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ራት በበላን ቁጥር ስትነግረኝ ኖረሃልና ገብቶኛል። እዚህ ካልጋሪ፣ በጥር መሀል ሁሉ ነገር ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ ከተራሮቹ በኩል ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ይመጣል። በአንድ ጠዋት በረዶው ይቀልጣል። እኛ ደስ ብሎን ጃኬታችንን አውልቀን እንወጣለን። ጥዱ ግን ብርዱ ያለፈ ይመስለዋል። ቅጠሉ ነቅቶ ውሃ ይፈልጋል፣ ሥሩ ደግሞ ገና በበረዶ እንደታሰረ ነው። ቅጠሉ ይደርቅና እንደ ዛገ ብረት ይቀላል።

አንተ የምትፈልገው የማይታለሉትን ነበር። ከየተራራው የተለቀመ ዘር አብቅለህ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ መሥሪያ ቤትህ በተከራየው መሬት ላይ፣ የአንድ እናት ዛፍ ልጆችን አንድ ላይ እያደረግህ በመስመር ተከልካቸው። ሜሮን ያኔ ገና ትድህ ነበር። ቺኑክ ባለፈ ቁጥር ሄደህ የትኛዎቹ እንደቀሉ፣ የትኛዎቹ አረንጓዴ ሆነው እንደቀሩ ታያለህ። የጸኑትን ቢጫ ሪባን ታስርላቸዋለህ። መጀመሪያ የወሰድከኝ ቀን የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አድርጌ ጭቃ ውስጥ ገብቼ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ "ሲያስደስት!" ብዬ ነበር። ተቆጣኸኝ። ነፋስ አሞገስሽ ተብላ የተቆጧት ሚስት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መኪና ውስጥ እስክንገባ ሁለታችንም አኮረፍን፣ ከዚያ ሳቅን።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

የመጨረሻው ዓመት ሆድህን ያምህ ነበር። ለእኔ "ጨጓራ ነው" አልከኝ። የቆሽት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አለቃህ ብራያን አጠገቤ ተቀምጦ፣ የማውቅ መስሎት፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ማሳው ላይ መኪናህን አቁመህ ስታስመልስ እንደነበር ነገረኝ። "ሐኪም ጋ ሂድ ብዬው ነበር፣ የዘንድሮን ቆጠራ ልጨርስ አለኝ" አለ። ለሱ ነግረኸዋል። ለኔ አልነገርከኝም። ሐኪሙን ቀደም ብሎ ቢመጣ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ማወቅ አይቻልም" አለኝ። ጌቱዬ፣ ይህን መልስ ይዤ እንድኖር ነው የተውከኝ። ይተርፍ ነበር ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ አይተርፍም ቢለኝም እንደዚያው። ማወቅ አይቻልም ግን ምን ይደረጋል?

ቀብርህ ላይ ብራያን ቆሞ ሥራህ ይቀጥላል አለ። ሰው አጨበጨበ፣ በቀብር ላይ። የቤተ ክርስቲያናችን ጋሼ ወርቁ ደግሞ እጄን ይዘው "የሚወደውን ሲሠራ ነው የሞተው፣ ተጽናኚ ልጄ" አሉኝ። ሽማግሌ ናቸውና "አሜን" ብዬ አለፍኩ። ውስጤ ግን፣ እኔን አይወድም ነበር ወይ፣ ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ መኖር የሚወደው ነገር አልነበረም ወይ ይል ነበር።

ባለፈው ብርድ ብራያን ደወለ። የጥዶቹ ፕሮግራም ተዘግቷል፣ የመሬቱም ኪራይ አልታደሰም፣ ጠጠር ማውጫ ሊሆን ነው አለኝ። ዛፎቹስ? አልኩ። "ዳታው ሁሉ አለን" አለኝ። "ዳታ ይተከላል?" ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጥዶቹ ገና ብዙ ፍሬ ስላልሰጡ የተያዘ ዘር አልነበረም። የሚያድናቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ እንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ በብርዱ፣ ከጫፋቸው ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ወጣት ጥድ ግንድ ላይ አጣብቆ መቀጠል። አንተ ራስህ በታመምክበት ዓመት ልታደርገው አስበህ ነበር፤ ሆስፒታል ገባህ። ይህን ብራያንም ያውቃል። ስለዚህ በማግስቱ ከሺፍት ስወጣ ዱቄቴን ሳላራግፍ ቢሮው ሄድኩ። ሜሮን "ማሚ ፕሊዝ፣ ሳትደውዪ ዝም ብለሽ ሾው አፕ ማድረግ አትችዪም" እያለች ተከተለችኝ።

ሰውየውን መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ሲከት አገኘሁት። እሱንም አሰናብተውታል። ይህን ሳይ ንዴቴ የሚያርፍበት አጣ። "ልንቆርጣቸው እንችላለን፣ የሚሠራ ሰው ግን የለኝም" አለኝ። "እኔ አለሁ" አልኩት። ሜሮን "አይ ገስ… እንግዲህ እኔም አለሁ" አለች። ብራያን ቁጭ አለና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ደወለ። እንቀበላለን አሉ።

ቅዳሜ ማሳው ሄድን። እሁድ ቺኑክ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ እሱ ከነፈሰባቸው ቅርንጫፎቹ ይነቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይሆኑም። ጋሼ ወርቁ ወሬውን ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ፒክአፕ መኪናቸውንና ረጅም መሰላላቸውን ይዘው መጡ። "ከየትኛው ነው የምንጀምረው?" ብቻ ነው ያሉት። ብራያን ረጅሙን መቁረጫ ይዞ ከመስመር መስመር ይሮጣል፣ ሜሮን በየዛፉ ቁጥር ትለጥፋለች፣ እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ። የቆረጥነውን በረዶ በሞላንበት ሳጥን ውስጥ እንከታለን። ጣቶቼ መቀሱን መያዝ አቃታቸው።

አንተ እጅህ የደረሰበትን ሪባን ሁሉ እያየሁ ነበር የምቆርጠው። አንዱ ላይ ቋጠሮው ላላ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ያሰርከው አቅም ባነሰህ ጊዜ መሆን አለበት። ያኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ጮህኩብህ። "ለዛፍ ነው የዋሸኸኝ! ለጥድ ነው! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ያመኛል ማለት አቅቶህ!" ጋሼ ወርቁ መሰላሉን አልለቀቁም፤ ቀና ብለው አላዩኝም፣ ዝም በይም አላሉኝም። ሜሮን ከታች ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ እሷም ወደ ዛፉ ዞራ "ዳዲ፣ ሊነግረን ይገባ ነበር! ዩ ሹድ ሃቭ ቶልድ አስ!" ብላ ጮኸች። አማርኛዋ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስትናደድ አንተም እሱም ይቀላቀልባታል። ከሞትክ ጀምሮ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

የመጨረሻውን ሳጥን ስንጭን ከተራሮቹ በላይ የቺኑኩ ደመና እንደ ቅስት ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ቀደምነው ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ማሳውን ገነጣጥለው ጠራረጉት። ሄጄ አላየሁም።

በበጋው ከችግኝ ጣቢያው ደወሉልኝ። ከቀጠሏቸው ብዙዎቹ ደርቀዋል። አንተ "ንግሥቲቱ" የምትላት ከሁሉ የምትበልጠው ጥድ አንድም አልያዘላትም። ይህን ስሰማ እንደገና ተናደድኩ፤ ጊዜ ቢኖረን ኖሮ፣ ብትነግረኝ ኖሮ፣ አንድ ዓመት ቀድመን በቆረጥን ነበር። የቀሩት ግን ይዘዋል። አዲስ ቅጠል አውጥተዋል አሉኝ። ከነሱ የሚወለዱት የት እንደሚተከሉ፣ ማን እንደሚያያቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ብራያን አሁን ሌላ ከተማ ነው። ሜሮን ግን ከጣቢያው ሰዎች ጋር ትጻጻፋለች፤ ፎቶ ሲልኩላት ለኔ ታሳየኛለች።

ንዴቴ አልወጣልኝም፣ ጌቱዬ፤ እንዲወጣልኝም አልቸኩልም። ሰዎች ስላንተ ሲናገሩ ትዕግሥተኛና ታታሪ ነበር ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ግትርነትህንም፣ ሚስትህን በጨጓራ ያታለልክበትንም፣ በነፋስ ምክንያት ያኮረፍክበትንም ይዣለሁ። አንዱንም አልጥልልህም። ጻድቅ አድርገው ቢሰጡኝ አልቀበልም፤ እኔ የማስታውሰው ያገባሁትን ሰው ነው፣ ሙሉውን፣ እስክሞት ድረስ።

ሚስትህ
ሰብለ