አሥራ ሁለተኛው ካስማ

ቅዳሜ፣ መስከረም 8 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ኬኒንግተን

ልጄ ሜሮን ለዩኒቨርሲቲ ጓዟን ስትሸክፍ የጉዞ ሻንጣዬን አዋስኳት። የጎን ኪሱን ስትፈትሽ «አባዬ፣ ይሄ ብረት ምንድነው?» አለችኝ። የድንኳን ካስማ ነው። የጠፋው አሥራ ሁለተኛው።

አምና ለጉብኝት ዘጠኝ ሆነን በአንድ የጭነት መኪና ከዛምቢያ እስከ ማላዊ ሐይቅ ስንጓዝ ድንኳን የተጋራሁት ከግዊን ጋር ነበር፤ የዌልስ ሰው፣ ጡረተኛ መምህር። ጠዋት ጠዋት የድንኳናችንን አሥራ ሁለት ካስማዎች ስቆጥር ይስቅብኛል። የሳህን ፎጣ ስላልነበረ ከምግብ በኋላ ሁላችንም ክብ ሠርተን ሳህናችንን በአየር እያርገበገብን እናደርቅ ነበር። ግዊን ባወጣልኝ ቅጽል ስም «ፕሮፌሰር፣ በረህ አዲስ አበባ እንዳትገባ» ይለኛል። ከ97 ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሐይቁ ዳር አንድ ካስማ ጎደለ። «ዝርክርክ ነህ» ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት። የቀሩትን ሦስት ቀናት አልተነጋገርንም፤ ስንለያይም እጁን አልጨበጥኩም። ሻንጣዬን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካው አልፈቅድም ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግራት «ደውልለታ፣ አባዬ። ሶሪ ማለት ይገድላል እንዴ?» አለች ሜሮን።

ተናድጄ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። የምሳ ሳህኔን አጥቤ ሳላስበው በአየር ማርገብገብ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ፎጣ አለ እኮ።»

ደወልኩ። አላነሳም። ስልኩ መልእክት አስቀምጥ ሲለኝ «ግዊን፣ አሥራ ሁለቱም ሞልተዋል» ብዬ ዘጋሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣልኝም። ማለት የፈለግኩት ይገባው ይሆን?